እናቴ ያስቀረችው አውሮፕላን

አሥር ዓመት ሲሆነኝ አውሮፕላን ልንገዛ ነበር፤ እናቴ አስቀረችው። ይህን ነገር ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ አንድ ጊዜም አፌን ከፍቼ በተጋደምኩበት ለጥርስ ሐኪሜ ሳይቀር ተናግሬዋለሁ። ሰው ይስቃል። «እናቶች መቼስ!» ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ውስጤ ያለችው የአሥር ዓመት ልጅ እስከ አምና ድረስ እግሯን መሬት ላይ እየደበደበች ነበር።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛ አውሮፕላን ነው የምላችሁ። ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ሰው የሚይዝ ሴስና። ነጭ ሆኖ ወገቡ ላይ ብርቱካናማ መስመር ነበረው። አሮጌ ነው። ወንበሮቹ ተቀደው በቴፕ ተለጥፈዋል፤ ውስጡ ቤንዚንና የቆየ ምንጣፍ ይሸታል። ባለቤቱ ሚስተር ዴል የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሲሆን፣ ኦበርን በምትባል ከተማ ባለችው ትንሽ አየር ማረፊያ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ተከራይቶ አስቀምጦት ነበር። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 2009 ነው።

እኛ ያኔ ሲታክ በምትባል ከተማ ነበር የምንኖረው። አፓርታማችን ለትልቁ አየር ማረፊያ ከመቅረቡ የተነሣ በየሦስት ደቂቃው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይዋጥ ነበር። አባቴ መንግሥቴ የሆቴል ሻትል ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ እየጫነ ሰዎችን አውሮፕላናቸው ደጃፍ አድርሶ ይመለሳል። ልጅነቱንም ያሳለፈው ቢሾፍቱ፣ ከአየር ኃይሉ ግቢ ማዶ ነው። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ሆድ ብቻ ነው ያየሁት» ይል ነበር አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእረፍት ቀኑ የበረራ ትምህርት ጀመረ። ከአስተማሪ ጋር ዘጠኝ ጊዜ በረረ። እያንዳንዱን በረራ እራት ላይ ሲተርክልን እጁ መሪ ይይዛል፣ ማንኪያው ይረሳል።

ብቻውን የሚችለው ግዢ ግን አልነበረም። ግማሹን የያዙት ጋሽ ዘካሪያስ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የሦስት ታክሲ ባለቤት። ስምምነታቸው አጭር ነው። አውሮፕላኑ የቤተሰባችን ይሆናል፤ በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ አባቴ ጋሽ ዘካሪያስን ጭኖ ተራራውን ይሻገርና ያኪማ ከተማ ላሉት ጥቂት አማኞች ያደርሳቸዋል። «ጌታ ክንፍ ሰጠን!» አሉ ጋሽ ዘካሪያስ ሳሎናችን ውስጥ ቆመው። እናቴ ወይንሸት ከጓዳ ሆና፣ «ላም አለኝ በሰማይ» አለች፤ ሌላውን አልጨረሰችውም። እኔ ያን ቀን ነው ቂም የያዝኩባት።

መጀመሪያ ልናየው የሄድን ቅዳሜ ይዘንብ ነበር። ጋሽ ዘካሪያስ አውሮፕላን የሚገዙት ልክ ቶዮታ እንደሚገዙት ነበር። ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፣ በሩን ከፍተው ዘጉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ዘይት ፈልገው አጡ። «ስንት ማይል ሄዷል በለው» አሉ አባቴን። ሚስተር ዴል የአውሮፕላን ዕድሜ የሚለካው በሰዓት እንጂ በማይል እንዳልሆነ ሲያስረዳ፣ ጋሽ ዘካሪያስ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው፣ «ማይሉን ደበቀ፤ ልብ በል» አሉ።

ከዚያ ሊጸልዩ ወሰኑ። ኮፍያቸውን አወለቁና አንድ እጃቸውን አፍንጫው ላይ ባለው ፕሮፔለር አሳርፈው፣ «አባት ሆይ...» ሲሉ ሚስተር ዴል በዚያ ዕድሜው እየሮጠ መጥቶ እጃቸውን መንጭቆ አነሣው። ፊቱ ደም መስሏል። ፕሮፔለር አይነካም፤ ትንሽ ከዞረ ሞተሩ ሊነሣና እጅ ሊቆርጥ ይችላል። ጋሽ ዘካሪያስ ሰውየው ጸሎት የሚጠላ መሰላቸው፤ ሚስተር ዴል ደግሞ ጸሎት መሆኑ ሲገባው አፈረ። በመጨረሻ ክንፉ ላይ እጅ መጫን ይቻላል ተባለና ሁላችንም ክንፉን ይዘን ጸለይን። ሚስተር ዴልም አብሮን ያዘ። እናቴ ብቻ እጇን ኮት ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ ቦርሳዋን በክንዷ ቆልፋ፣ ወደ መስኩ ታይ ነበር።

«ለምንድን ነው የሚሸጡት?» ሲል አባቴ ጠየቀው።

ሚስተር ዴል ደረቱን በጣቱ መታ አደረገ። «ልቤ ነው። የአብራሪዎችን የጤና ቅጽ ስሞላ እውነቱን ጻፍኩ፤ ከእንግዲህ መብረር በቃህ አሉኝ።» የሚያወራው ስለ ዝናብ ይመስል ነበር። «አንተስ፣ ሜዲካልህን፣ የጤና ማረጋገጫውን፣ አወጣህ?»

«በፕሮሰስ ላይ ነው» አለ አባቴ፤ ከዚያም ጋሽ ዘካሪያስ አይተው የጨረሱትን ጎማ እንደ አዲስ ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። እኔ ጎማው ችግር አለበት ብዬ ፈራሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እንሳፈርበታለን ተባለ። እኔ «እንበራለን» የተባለ መሰለኝ። የትምህርት ቤት ፎቶ የተነሣሁበትን ቀሚስ ለብሼ ከአባቴ ኋላ ተቀመጥኩ። እናቴ አልገባችም፤ ከአጥሩ ጋር ቆመች። ሚስተር ዴል ሞተሩን አስነሣ፤ መላው አካሌ ተንቀጠቀጠ፤ ጆሮዬ ላይ ያደረጉልኝ ትልቅ ማዳመጫ በየጊዜው ወደ አፍንጫዬ ይወርዳል። እያኮበኮብን ረጅሙ አስፋልት ጫፍ ደረስን። ፊት ለፊታችን ሰማይ ብቻ ቀረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ዞረን ወደ መጋዘኑ እየተመለስን ነው።

«ምን ሆነ? ለምን ተመለስን?» ብዬ ጮህኩ። ማንም በሞተሩ ጩኸት አልሰማኝም። ሚስተር ዴል መሬት ለመሬት መንዳት እንጂ መብረር ተከልክሏል፤ አባቴም ያለ አስተማሪ አይፈቀድለትም። ይህን ማንም አላስረዳኝም። ስወርድ ያየሁት እናቴን ነው፤ አጥሩን የሙጥኝ ብላ ይዛለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ተመለሱ ብላ ምልክት የሰጠቻቸው እሷ ናት ብዬ ደመደምኩ። እስከ ቤት ድረስ አኩርፌ ሄድኩ። 

እዚህ ላይ ስለ ቦርሳዋ መናገር አለብኝ። እናቴ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከብ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ጣት ወግታ ስኳር ትለካለች፣ የሰው ክኒን ትቆጥራለች። በጥቁር ቦርሳዋ ውስጥ ግን ሌላ፣ የራሷ የመሰለኝ ብርቱካናማ የክኒን ብልቃጥ ነበር። አንድ ቀን ማስቲካ ፍለጋ ስገባ አየሁት። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተልጧል። እንግዲህ እማዬ ታማለች፤ የታመመ ሰው ደግሞ ይፈራል፤ የፈራ ሰው አውሮፕላን አይወድም። አሥር ዓመት ለሆነው አእምሮ ይህ የተጣራ ሒሳብ ነበር።

ክኒኑ የአባቴ ነበር። እናቴ የምትይዘው የቤተ ክርስቲያን ሰው ቤታችን ሲመጣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዳያየው ነው።

ምክንያቱም አባቴ መስክሮ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ ጸልዮለት፣ በሳምንቱ ሲለካ ስኳሩ ወርዶ ተገኘ። ያን እሑድ ከጎኑ ሆኜ መድረክ ላይ ወጥቻለሁ። «ስኳር የሚባል በሽታ ነበረብኝ። ዛሬ የለብኝም!» ሲል ሦስት መቶ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። ጋሽ ዘካሪያስ እያለቀሱ አቀፉት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር፣ «ወንድም መንግሥቴን ተዋወቁት፤ ጌታ ከስኳር የፈወሰው እሱ ነው» ብለው ነበር የሚያስተዋውቁት። ስኳሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰ። አባቴ ግን ተመለሰብኝ አላለም። ማን ይላል? ሰው በአንተ ምክንያት እልል ካለ በኋላ እልልታህን መልሰህ ውሰድ እንዴት ትለዋለህ?

ሚስተር ዴል ሌላ ገዢ እንደመጣበትና እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቀን ሲነግረን ቤቱ ተረበሸ። አንድ ምሽት ከራት በኋላ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ወላጆቼ ከኩሽና ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። በሩን የከፈትኩት እናቴ፣ «... እኔ አልሳፈርም! ልጄም አትሳፈርም!» ስትል ነው። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ እጁ እስክሪብቶ ይዞ፣ ከፊቱ የአብራሪዎች የጤና ቅጽ ነበር። እናቴ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ታዲያ የራስሽን ለምን አትናገሪም አልኩ። አባቴ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ያመለጠኝን ግማሽ አሁን አውቀዋለሁ። «እዚህ ወረቀት ላይ ውሸት ጽፈህ ከበረርክ» ነበር ያለችው።

ቅጹ ለአምስት ቀን ያህል ማቀዝቀዣው አናት ላይ ተቀመጠ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ያወርደዋል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። የወሩ መጨረሻ እየደረሰ ነው፤ ቅጹን ይዞ የሚቀርብበት የሐኪም ቀጠሮም ለሰኞ ነው። አንድ ወረቀት ለመሙላት ይህን ያህል? ደግሞስ በቤታችን ቅጽ የምሞላው እኔ አይደለሁ? የትምህርት ቤቱን፣ የክሊኒኩን፣ የቤት ኪራዩን፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የሞላሁት። ሞያውን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። ለዜግነት ሲያመለክት ያን ሁሉ «እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ? እንዲያስ ሆነህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ሳነብለት፣ «ሁሉንም ኖ በዪው ኖሊ። አንዲት የስ ካስገባሽ አሥር ወረቀት ጨምረው ይልካሉ» ብሎኝ ነበር። ኖላዊት የሚለውን ስሜን ኖሊ እያለ ያሳጥረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ሥራ ሄዳ፣ አባቴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ወንበር ላይ ቆሜ ቅጹን አወረድኩት። ስሙንና አድራሻውን ራሱ ጽፎታል። የቀሩት ሳጥኖች ናቸው፣ የስ ወይም ኖ። የልብ ሕመም? ኖ። ራስን መሳት? ኖ። ስኳር የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ መድረኩ ትዝ አለኝ፤ የለብኝም ብሏል፣ ሦስት መቶ ሰው ሰምቷል። ኖ። በአሁኑ ጊዜ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ክኒኑ የእማዬ ነው። ኖ። መስመሩን እስከ ታች ድረስ በሚያምር ምልክት ሞላሁትና ጠረጴዛው ላይ፣ ከመኪናው ቁልፍ አጠገብ አስቀመጥኩት።

አባቴ ሲነሣ አየው። ቆሞ ነው ያነበበው።

«ማነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ!» አልኩ። «ሁሉንም ኖ አልኩልህ።»

«ስኳሩንም?»

«አንተ ራስህ የለብኝም ብለሃል እኮ፣ ቸርች። ረሳኸው እንዴ?»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን አናቴ ላይ ጫነና፣ «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። ቅጹን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ደስታዬን አልቻልኩትም። አውሮፕላኑን የገዛሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር ያን ቀን የዋልኩት።

በማግስቱ እሑድ ነው። የልጆች ክፍል ምድር ቤት ነበር። የቀለም እርሳስ እየተሻማን ስንሥል ከላይ መዝሙሩ ቆመና የአባቴ ድምፅ በጣሪያው በኩል መጣ። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን የእሱ ነው። ስለ አውሮፕላኑ እየመሰከረ ነው ብዬ ለአጠገቤ ልጅ በኩራት ነገርኳት። ሁለታችንም ጣሪያውን እያየን አሜን እስኪባል ጠበቅን። አልተባለም። የአንድ ሽማግሌ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የወንበር መንቋቋት። ጥቂት ቆይቶ እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደችና፣ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። ምሳ እንኳ አልተበላም፤ ያን እሑድ ተራው የእኛ ስለነበር ሦስት ትሪ ምግብ አምጥተን ነበር። ትሪዎቹን ጥለናቸው ወጣን።

አባቴ ያለው ይህን ነው፤ እኔ የሰማሁት ገና አምና ነው። «ባለፈው ዓመት እዚህ ቆሜ ስኳር የለብኝም ብዬአችሁ ነበር። ተመልሷል። መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ሰባት ወር ደብቄአችኋለሁ። ትናንት ልጄ በቃሌ ተማምና በራሷ እጅ ውሸት ጻፈችልኝ።» የጮኹት ጋሽ ዘካሪያስ ነበሩ። «መንግሥቴ! እኔ አንተን አይቼ እኮ ነው የደም ግፊት ክኒኔን የተውኩት!» ሌላ ቃል አልጨመሩም። መውጫው ላይ ግን ከአውሮፕላኑ ግማሽ እጃቸውን ማውጣታቸውን ነግረውታል። አልፈርድባቸውም። ሰውየው ሁለት ወር ሙሉ ራሱን እያመመው ክኒን ሳይውጥ ከርሟል።

እኔ ግን መኪናው ውስጥ ስገባ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ነገ ሰኞ ነው፣ ቀጠሮው ነገ ነው።

«ሶ፣ መቼ ነው የምንገዛው?» አልኩ።

መስታወቱ ላይ ዝናብ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል።

«አባዬ፣ መቼ ነው?»

«ቀርቷል» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ። «አንቺ ነሽ! ያስቀረሽው አንቺ ነሽ! ፈሪ ስለሆንሽ ነው! ሁሉን ነገር የምታበላሺው አንቺ ነሽ!» የፊተኛውን ወንበር በእግሬ እየመታሁ ነው የምጮኸው። እናቴ ወደ አባቴ ዞር አለች። ረጅም ጊዜ አየችው። አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቷ መለሰች።

«አዎ» አለች። «ፈርቼ ነው።»

በዚህ አለቀ። በዚያ ሳምንት ሚስተር ዴል ስልክ ደውሎ እኔ አነሣሁት። አውሮፕላኑ ለሌላ ሰው መሸጡን ነገረኝና፣ «አባትሽ ደፋር ሰው ነው፤ ሁሉንም ነግሮኛል። የጤና ወረቀቱን ለማንኛውም ይላከው በዪልኝ» አለ። ደፋር ሰው አውሮፕላኑን በሚስቱ ይነጠቃል እንዴ ብዬ ተናደድኩ። መልእክቱን ግን ለአባቴ አደረስኩ። ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ቀየርን፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቤት ቀየርን። አባቴ ስለ መብረር ማውራት አቆመ። እኔ ግን እናቴን አልተውኳትም። የትምህርት ቤት ጉዞ በከለከለችኝ ጊዜ፣ መኪና መንዳት አትማሪም ባለችኝ ጊዜ፣ ራቅ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ አትሄጂም ባለችኝ ጊዜ ሁሉ ያቺን ሴስና እያወጣሁ ፊቷ ላይ ነው የወረወርኳት። እያደግኩ ስሄድ ጩኸቱ ቀልድ ሆነ። ቀልድ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል፤ ሰው ፊት ይነገራላ።

አምና በበጋ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርታማዬ ወላጆቼን ምሳ ጋበዝኩ። ልንጋባ ስለሆነ እጮኛዬን ዮዳሄን ላስተዋውቃቸው ነው። ዮዳሄ ጨዋ ልጅ ነው፤ አባቴን «ጋሼ» እያለ ሁለት ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ። ጨዋታው ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል እንደ ልማዴ ያቺን ታሪክ አነሣሁ። የጋሽ ዘካሪያስን ፕሮፔለር ነገርኩት፣ ተንከትክቶ ሳቀ። «እንዲህ ነበርን እልሃለሁ» አልኩት፤ «እማዬ ባትፈራ ኖሮ ዛሬ የምንሄደው በራሳችን አውሮፕላን ነበር።»

ዮዳሄ ለመሳቅ አፉን ከፈተ።

«ኖላዊት፣ በቃ» አለ አባቴ።

እናቴ ፈጠን ብላ፣ «ተው እንጂ መንግሥቴ፣ እንግዳ ፊት...» አለች።

«ቤተሰብ ሊሆን አይደለም? ይስማው።» የቆረሰውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ነገረን። ክኒኑን፣ ቅጹን፣ መድረኩን፣ ጋሽ ዘካሪያስን፣ ሁሉንም በተራ። ዮዳሄ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ሲጨርስ አባቴ የኪስ ቦርሳውን አወጣና ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ አንድ የተጣጠፈች ወረቀት መዞ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋት። ከመዳሰስ ብዛት ጠርዟ ጨርቅ ሆኗል። የተማሪ ፓይለት የጤና ማረጋገጫ ናት። ስሙ አለበት። ከፌብሩዋሪ 2010 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ታገለግላለች ይላል።

«በሌላ ቅጽ ላይ አዎ ብዬ ነው የጻፍኩት» አለ። «ስኳሩንም፣ ክኒኑንም። የሐኪሜን ደብዳቤ ጠየቁኝ፤ ላኩ። ሦስት ወር አቆዩኝና ሰጡኝ።»

ወረቀቷን አገላበጥኳት። «ሰጡህ?»

«ሰጡኝ።»

«ታዲያ ለምን አልበረርክም? አውሮፕላኑ ቢሸጥ እንኳ ተከራይተህ...» ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጥቶ ነበር። «አንድ ዓመት ሙሉ ተፈቅዶልህ! ለምን?»

«ብበር ኖሮ ትጠይቂኝ ነበር» አለ። «እማዬ አስቀርታው አልነበር እንዴ ትዪኝ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሦስት መቶ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬአለሁ፣ ኖሊ። ካንቺ ፊት ግን አቃተኝ። በእሷ ላይ የጮኽሽውን ጩኸት ሰምቼዋለሁ።»

ላቅፈው ፈለግኩ፤ ትከሻውን ይዤ ልነቀንቀውም ፈለግኩ። አሥራ ስድስት ዓመት! አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ እሱ ይበር ነበር፣ እሷም ከምላሴ ታርፍ ነበር። ይህን ሰው ደፋር ልበለው ወይስ ፈሪ? ተናድጄ ወደ እናቴ ዞርኩ። በእሷም ላይ ንዴቴ ገንፍሎ ነበር።

«አንቺስ? ለምን ዝም አልሽ? ለምን እንደዚያ እያልኩሽ ዝም አልሽ?»

እናቴ እጇን በናፕኪን ጠረገች።

«ፈራሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይሁን» አለች። «በዚያ አልከስሽም፤ ልጅ ነበርሽ። ግን ኖላዊት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ፈሪ እያልሽ ሰው ስታስቂብኝ፣ አንዲት ቀን እንኳ እማዬ ምን ፈርተሽ ነበር ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አስቤ ለማግኘት ሞከርኩ። አንድም ቀን አልነበረም።

«ምን ፈርተሽ ነበር?» አልኳት።

«አሁን ነው እንዴ የሚጠየቀው?» አለች። ከዚያ ወደ ዮዳሄ ዞረች። «ብላ እንጂ ልጄ፤ ምንም አልበላህም እኮ።»